የሚያውቀኝ ሰው እንዳቀርብ ስለመታዘዜ

ለተከበሩ የውጭ አገር ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔ ኮሪደርዎ ላይ ያለው አግዳሚ የሸለመኝ የወገብ ሕመም ካልተቆጠረ እጅግ ደህና ነኝ።

«ፈቃዱ እንዲታደስለት ቤቱ ገብቶ የሚያውቀው አንድ የዚህ አገር ተወላጅ በምስክርነት ያቅርብ፤ ያለዚያ አገሩን ይልቀቅ» የሚለው ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶኛል። ብቻዬን መሆኔን እኔ በግምት ነበር የማውቀው፤ በማኅተም ስላረጋገጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሥራዬ የተቆለፈ በር መክፈት ነው። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በር የተዘጋበት ሰው ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። ስለዚህ የግማሹን ከተማ ቤት አውቃለሁ፤ የኔን የሚያውቅ ግን የለም። በሩን ስከፍትላቸው «ተባረክ!» ብለው ይገቡና መልሰው ይዘጉታል። ጠብቆ እንዲዘጋ አድርጌ የምሠራውም እኔው ነኝ፤ በማን አዝናለሁ? እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሳሌን አሳምረው ያውቁታል፤ ሲጠናብኝም ግድግዳውን እየደበደቡ ያስታምሙኛል። ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ብለምናቸው «ጨዋ ነህ፣ ከሳልህ በቀር ድምፅህ አይሰማም፤ ግን አንተን መች አውቅሃለሁ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ሳሌ ብቻ መመስከር ይችሉ እንደሆነ መመሪያዎ ይታይልኝ።

ሁለተኛ፦ ባለፈው የላኩት ቀጭኑ ተቆጣጣሪ ነው። በሬ ሲንኳኳ ቤት የተሳሳተ ሰው መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ በር ያንኳኳ እንግዳ ነው፤ እንግዳም ሳይቀምስ አይወጣም። ያለችኝን አንዲት ወንበር ለቀቅኩለት፣ ባለችኝ አንዲት ሳህን ሾርባ ሞልቼ አቀረብኩለት፣ እኔ ቆሜ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ! እኔን ስል!» እያልኩ ለመንኩት። እሱም ወንበሯንና ሳህኗን አይቶ «ሰው የሚኖርበት ቤት አይመስልም»፣ ሾርባውን ደግሞ «የጉቦ ሙከራ» ብሎ ጻፈ። ክቡር ሆይ፣ በሾርባ የሚገዛ ሹም ካለዎት አብረን እንዘን፤ ጨው እንኳ በዝቶበት ነበር።

ሦስተኛ፦ «ልቀቅ» ማለትዎ ነው። የባዕድ አገር ኑሮን ጥቅምና ጉዳት ሳልመዝነው ቀርቼ አይምሰልዎ። ጥቅሙ፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል፣ ቧንቧው አይደርቅም፣ «የት አመሸህ?» ብሎ የሚነዘንዝ የለም። ጉዳቱ፣ «የት አመሸህ?» የሚል የለም። ሚዛኔ እዚህ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ እያለ ያስቸግረኛል።

የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ ከጠሉህ ምን ትጠብቃለህ? ና እንጂ!» ትለኛለች። አንጀቴን ትበላዋለች። ነገር ግን ከአገሬ ስወጣ የያዝኩትን፣ እኔው የገጠምኩትን የቤታችንን በር ቁልፍ ኪሴ በተቀደደ ቁጥር እየሰፋሁ ይዤው ስዞር፣ እናቷ በሩን በብረት በር እንዳስቀየረች የነገረችኝም እሷው ናት። ያንን በር መክፈት አያቅተኝም። በገዛ ቤቴ ደጃፍ ግን እንደ ባለሙያ ተጠርቼ መቆም አልፈለግሁም።

አራተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ፤ ለብቻዬ የማጉረመርመው ነገር ይትረፈኝ።

የምለምንዎ ትንሽ ነው፦ ያንኑ ተቆጣጣሪ ምስክሬ ያድርጉልኝ። ቤቴ ገብቷል፣ ትራሴን ገልጧል፣ የጥርስ ብሩሼን አገላብጧል። የመድኃኒት ብልቃጤን አንስቶ ካነበበ በኋላም «ይሄን በባዶ ሆድ እንዳትውጥ» ብሎኛል። በዚህ አገር ይህን ያህል የቀረበኝ ሰው የለም። እሱ አላውቀውም ካለ ግን እውነትም የሚያውቀኝ የለምና፣ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወርዳለሁ።

በሮችዎ ሁሉ ያለ ባለሙያ እንዲከፈቱልዎ እየተመኘሁ፣

በኮሪደርዎ አግዳሚ ላይ በታላቅ አክብሮት የሚጠባበቅዎት፣
ወገበ ደካማው ቁልፍ ሠሪ

ማስታወሻ፦ የመሥሪያ ቤትዎ የፊት በር ቁልፍ ላልቷል፤ በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ይከፈታል። ተራዬን ስጠብቅ አይቼ አልነካሁትም፤ ከውስጥ እስኪከፈትልኝ መጠበቁን እናንተው አስለምዳችሁኛልና። ስለ እኔ ቤት ግን አይጨነቁ፤ ሁለተኛ ወንበርና ሁለተኛ ሳህን ገዝቻለሁ፣ በሬንም መቆለፍ ትቻለሁ። ቢሆንም ተቆጣጣሪው ክፍት አገኘሁ ብሎ ዝም ብሎ እንዳይገባ አደራ ይንገሩልኝ። ያንኳኳ።