ውሃ ያልነካው የመጥለቂያ ዕቃና የእኔ አውራ ጣት

ለክቡር አቶ እንድርያስ፣ የውሃ አደጋ ነፍስ አድን ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊና የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ፤
ባሉበት፣ ማለትም ከሻይ እረፍት ሲመለሱ፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሳንባዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባልደረባዬ ጠላቂ አክሊል በግራ በኩል ሆነው ሰላም ቢሉት ዝም የሚልዎ ንቆዎት አይደለም፤ በዚያ በኩል ስለማይሰማ ነው። ንቀቱን በቀኝ በኩል ሆነው ይሞክሩት።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ዓምሃ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጉለሌ ወንዞች፣ ጉድጓዶችና ውሃ በሞላቸው የድንጋይ ካባዎች ውስጥ እየጠለቅሁ ሰው ሳወጣ የኖርኩት፣ ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ግን አሻራ ሳሳርፍ «ቀለም እንዳታንጠባጥብ» ይሉኝ የነበርኩት። ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ሌላው በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን እኔ በስምንት ወር ስለጨረስኩ መምህርት ሰርካለም «እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች፤ ምስጋና ይሁን ስሞታ አልጠየቅኋትም። ከጳውሎስ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ አንብቤ ስጨርስ፣ ስሜ ያለበት ወረቀት ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤታችን ወጣሁ። እትዬ ማሚቴ ፋይሉን ከመስጠታቸው በፊት ወንበር ሰጡኝና «ተቀምጠህ ብታነብ ይሻልሃል ልጄ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከሦስት ዓመት በፊት የመጥለቂያ ዕቃ ሊገዛ ሲታሰብ እርስዎን ወደ ወይዘሮ ረይሃና ሱቅ የወሰድኩዎ እኔ ነበርኩ። ዕቃው ስሙ ያልገነነ የአንድ ትንሽ ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ዋጋው ከታዋቂው ግማሽ ስለሆነ ለሁለታችንም ጠላቂዎች ይበቃ ነበር፤ መለዋወጫ ጎማዎቹ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ በፌስታል ተቀምጠዋል፤ ሴትዮዋም «መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ሞክሩት፣ ካልተስማማችሁ መልሱልኝ» ብለው ነበር። እርስዎ መነጽሩን አገላብጠው አይተው «ስሙን ሰምቼው አላውቅም» አሉ። ውሃ ሰው ከማስጠሙ በፊት የፋብሪካ ስም እንደሚጠይቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ።

፪. ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል። ዕቃውን አገር ውስጥ የሚያስመጡት ወይዘሮ ረይሃና ብቻ በመሆናቸው አንድ ብቻ አቀረቡ፤ ወደቁ። ታዋቂው ዕቃ ግን ከሦስት ድርጅት ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ መጣ፤ ከሦስቱም ግርጌ ያለው ስልክ ቁጥር አንድ ነው። ቁጥር እንኳ ድሮም አውቅ ነበር፤ ያኔ ወረቀቱን ያሳየኝ አልነበረም እንጂ።

፫. ከተገዛ በኋላ ያደረጉለት እንክብካቤ ለእናት ልጅ አይደረግም። ቢሮዎ ውስጥ በመስኮቱ ትይዩ ባለው የመስታወት ቁም ሳጥን አስቀመጡት፤ እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ይነሱበታል። የንብረት ክፍሉ የማውጫ ቅጽ ላይ ደግሞ «ደረቅ ሆኖ እንደወጣ ይመለስ» የሚል ታዝዞበታል። እንዳይረጥብ የተከለከለ የመጥለቂያ ዕቃ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ውሃ ሳይነካው ሁለት በጋ ፀሐይ መታው፤ መተንፈሻው ላይ ያለው ጎማ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ።

፬. ባለፈው ነሐሴ ካባው ውስጥ ሰው ገባ ተብሎ ስንጠራ ያን ዕለት የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ተገኘ። ዕቃው አንድ ነውና አክሊል ለበሰው፤ እኔ ገመድ ያዝኩ። ስድስት ሜትር ያህል እንደወረደ መተንፈሻው በአየር ፈንታ ውሃ አጠጣው። እንደ ቡሽ ተወርውሮ ሲወጣ ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። የምንፈልገውን ሰው በማግሥቱ እኔ እንደ ድሮው ትንፋሼን ይዤ አወጣሁት፤ ለቀብር ደረሰ። ለቅሶው ላይ እርስዎ ባለመገኘትዎ ቤተሰቡ ትንሽ ተጽናንቷል።

፭. ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፤ «ጠላቂ ዓምሃ መሣሪያውን ውሃ ውስጥ ፈትኖ ፍጹም ተስማሚ መሆኑን አረጋግጧል።» ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ። ያን ቀን «የአበል ነው፣ እዚህ ጋ ተጫን» ያሉኝ እርስዎ ነበሩ፤ አበሉንም አላየሁትም። የአክሊል የሕክምናና የጉዳት ካሣ ጥያቄም በዚሁ ወረቀት ተመልሷል፤ መሣሪያው በባለሙያ የተፈተነ ስለሆነ ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው ተብሎ። ጌታዬ፣ የጓደኛዬን ጆሮ የደፈነው ውሃው ብቻ አይደለም፤ የእኔም ጣት አለበት። ይህን በደህናው ጆሮው ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የግራ ጆሮውን ብቻ ሲያዞርልኝ ከረመ።

ሐሙስ ኮሚቴው ዳግም ይሰበሰባል አሉ፤ የዚያኑ የታዋቂውን ዕቃ ታላቅ ወንድም ሊገዛ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ የሚጠልቀውም እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ያ ቃለ ጉባኤ ሐሰት መሆኑ ተጽፎ የአክሊል ጉዳይ እንደገና ይታይ። ዕቃውም ስሙ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ መጀመሪያ ይርጠብ፣ ከዚያ ይገዛ። ለወይዘሮ ረይሃና ደውዬ ነበር፤ የመለዋወጫ ጎማው ዛሬም ፌስታሉ ውስጥ አለ።

ከወንበርዎ ላይ ውሃ እንኳ የማይነቀንቅዎ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በገዛ እጄ ጽሑፍ፣

ዓምሃ፣ ጠላቂ
(ፊርማ አለው፤ ቀለም አላንጠባጠብኩም)

ግልባጭ፦
ለአክሊል፣ በቀኝ በኩል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሐሙስ አስቀድሞ በተዘጋጀው አዲስ ቃለ ጉባኤ ላይ «ውሃ ውስጥ የፈተነው» የሚለው ቦታ እስካሁን ባዶ መሆኑን አንብቤያለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ለብሰው ራስዎ ይፈትኑልንና ይፈርሙ፤ ካባው ቅርብ ነው፣ ገመዱንም እኔ እይዛለሁ። ከታች ሆነው አንዴ ከጎተቱ መቸገርዎን እረዳለሁ። ለማውጣት ግን፣ ደንብ ነውና፣ ሦስት ፕሮፎርማ እጠብቃለሁ።