ብርድ ልብስ የለበሰው ማሽን

መቅዲዬ፣

በታላቅ ጸጸት እናዘዝልሻለሁ፤ በሸዋ ሮቢት ቀትር ብርድ ልብስ ሰርቄ ተከናንቤያለሁ። የሰረቅሁት ደግሞ ከማሽን ላይ ነው።

አጎቴ ጋሼ ወንድሙ ከአሮጌ የባጃጅ ሞተር የማሾ መፈልፈያ ሠርተዋል። ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብለው ሁልጊዜ ይሸፍኑታል። እኛ አንሶላ ከብዶን በረንዳ ላይ ስንተኛ፣ በከተማው ብርድ ልብስ የሚለብሰው እሱ ብቻ ነው። ትናንት ከአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት የመጣችን ባለሙያ ወደ ቤታችን ጋበዙና፣ አልገልጥም አሉ።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ሳናውቀው እንዴት እንመዘግብልዎታለን?»

«የወንድሙ ነው ብለሽ ጻፊያ ልጄ፤ ምን ያስቸግራል?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻቸው። አሠራሩን ለመሥሪያ ቤቱ በዝርዝር ጽፈው ያመለክታሉ፤ አዲስነቱ ተመርምሮ ከጸደቀ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዳቸው ሠርቶ አይሸጠውም። እስከዚያ ግን ለጎረቤት ባያሳዩት ይሻላል። ጋሼም በስንት ልመና የብርድ ልብሱን ጫፍ ብቻ ገለጡላት።

እንዴት እንደሚሠራ ልጽፍልሽ እጄን በላኝ። ግን ይህ ካርድ ፖስታ ውስጥ አይገባም፤ እስከ እናንተ ጣርማ በር ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ስመጣ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።

ብርድ ልብሱ የናንተን ቤት አስታወሰኝ። ጭጋጉ በር ላይ ቆሞ እኛ አንዱን ብርድ ልብስ ስንጓተት፣ በረዶ እግርሽን ጀርባዬ ላይ ስትለጥፊ። እዚህ የሚጓተተኝ የለም መቅዲ። ብርድ ናፈቀኝ ብላቸው ወባ ነው ብለው ጤና ጣቢያ ይወስዱኛል።

እናትሽን እትዬ ፀሐይን ሳሚልኝ። ቦታው አለቀ፣ ጋሼም ከጓሮ እየጠሩኝ ነው፦

«ስንዱ! አንቺ ስንዱ፣ ማሽኔን ማነው እርቃኑን ያስቀረው?»