ሳነቴ ላይ ዝንብ የለም

ለክቡር ፊታውራሪ ኃይለመስቀል
የጎባ ችሎት የበላይ ዳኛ

ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፩ ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በእኔ ሙሾ ምክንያት የተፈረደበት የልጄ የተክለማርያም ነገር እንደገና እንዲታይልኝ ስለመለመን

አመልካች፦ ወለተኢየሱስ፣ ከዘማቹ ጋር መጥቶ እዚሁ ጎባ አፈር የገባው የተሰማ ሚስት

፩. ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። ታላቁ ገብረወልድ በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በሳነቴ ተራራ በኩል ወደ ደሎ በእግሩ ሄደ። ታናሹ ተክለማርያም ያን ጊዜ ጊኒር ገበያ ነበር፤ የተመለሰው ረቡዕ ነው። ሐሙስ «ወንድምህ ዘገየ፤ ለጽዮን በዓል እንዲደርስ ሂድና አምጣው» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት ሳነቴ ላይ ከመንገዱ ዳር ራሱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ አገኘው። በበቅሎ ጭኖ አመጣልኝ።

፪. ሬሳውን ሳጥብ አንድም ትል አላየሁበትም። እግዜር ገላውን አከበረልኝ ብዬ፣ ለቅሶው ላይ «ትል ያልደፈረህ፣ እንደተኛህ የመጣህልኝ» እያልሁ አሞሸሁ። ይህ ቃሌ ችሎት ደረሰ። ቆላ ያደጉት ዳኛ፣ ሬሳ በሁለት ቀን ይተላል፣ ይህ ካልተላ የሞተው ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ ከወንድሙ በቀር እዚያ ማንም አልነበረም ብለው ሞት ፈረዱበት። በመስካችን ድንበር ተጣልተው እንደነበርም ተነሣበት። ተጣልተዋል፤ አልክድም።

፫. ክቡር ሆይ፣ ዳኛው ስለ ቆላ የተናገሩት እውነት ነው። ሳነቴ ግን በኅዳር ውሃው እስከ ረፋድ በረዶ ነው፤ ነፋሱም ፋታ የለውም። ዝንብ በሌለበት ትል ከየት ይመጣል? እንግዲህ ልጄ የሞተው በሄደበት በቅዳሜው፣ ተክለማርያም ጊኒር ሳለ ቢሆንም እንኳ አይተላም ነበር። ሬሳው ቤቴ ገብቶ የምድጃው ሙቀት ሲያገኘው ግን ዝንብ ወረረው፤ እስኪገነዝ በነጠላዬ ሳባርር ዋልሁ። ይህን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ልጇን የምታለቅስ እናት የዝንብ ነገር መች ትዝ ይላታል?

፬. ስለዚህ ሁለት በግ እሰጣለሁ። ታርደው አንዱ ልጄ በወደቀበት ሳነቴ ላይ፣ አንዱ ሶፍ ዑመር ቆላ ይቀመጥ። አውሬ እንዳይነካቸው የችሎቱ ሰው ይጠብቃቸው፤ በአምስተኛው ቀንም ይታዩ። የሳነቴው ከተላ ዳግመኛ ደጅዎን አልጠናም። ውርጩ ሳያልፍ እንዲደረግልኝ እለምናለሁ።

ገብረወልድን ሰው ገድሎት ይሁን ተንሸራትቶ አላውቅም። የሟቹ ባለደም አንቺ ነሽና ከፈለግሽ ማሪው ተብያለሁ። ብምረው ነፍሱ ትተርፍልኛለች፤ ግን ዕድሜ ልኩን የወንድሙ ገዳይ እንደተባለ ይኖራል። እሱም ከእስሩ ሆኖ «እማዬ፣ እንዳትምሪኝ» ብሎ ልኮብኛል። ያላጠፋውን ልጄን ምን ብዬ ልማረው?

ከደጅዎ ቆሜ፣ እጅ እየነሣሁ፣ ከሰላምታ ጋር

ወለተኢየሱስ
መጻፍ ስለማልችል ጣቴን አትሜአለሁ