በአለቃ ዱባለ ላይ የተጻፈው ወረቀት

ኮልፌ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለኃይለመስቀል።

በጫካው ብርድ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቅቤውም ይሸጣል። ይህን ደብዳቤ ሽኩር በቅቤ ቅል ውስጥ ደብቆ ነው የሚያመጣልህ፤ ወረቀቱ ቢወዛ አትቆጣኝ። አንብበህ አቃጥለው።

በአለቃ ዱባለ ላይ ጽፈህ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለጥፊው ያልኸኝን ወረቀት አልለጠፍሁትም። ቆይ፣ አትናደድ፤ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ያልኸው እውነት ነው። «መሣሪያውን ይዞ ለጣሊያን የገባ አይነካም» ብለው በመስቀላቸው የማሉት እሳቸው ናቸው። ጎረቤታችን ቡልቻ ያንን አምኖ ገባ፤ ጣሊያኖቹ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አለቃ መስቀል ሲዘረጉ ሴቶቹ ነጠላ የሚያስተካክሉ መስለው ያልፋሉ። ለሚካኤል ደግሞ በሌላ ጫካ ያሉት እነ ነገሬ ሊገቡ ነው ተባለ። መቸኮልህ ገብቶኛል።

ግን አብሮህ ከአለቃ ዘንድ የተማረው ልጅ ዛሬ የጣሊያን አስተርጓሚ ነው። ጽሕፈትህን በሩ ላይ ቢያይ አንድ መስመር ሳይጨርስ ይለየዋል። አንተ ጫካ ነህ፤ የምያዘው እኔ ነኝ። ደግሞም የነፍስ አባታችንን ሰው ፊት ማዋረድ ከበደኝ። አለቃን መዘንኋቸው፤ ፈሪ ናቸው እንጂ እኔን አሳልፈው አይሰጡም። ወረቀቱን በመቀነቴ ቋጥሬ ቤታቸው ሄድሁ።

አነበቡት። «የማን እጅ እንደሆነ አትንገሪኝ» አሉና ፈገግ አሉ። «ስድቡ በዛ እንጂ የፊደል አጣጣሉ ያምራል።»

«አባ፣ ለነገሬ በስውር ይላኩበትና እንዳይገባ ይንገሩት። ይህን እኔ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ።»

«እኔ የማልሁት ማን ፊት ነው?»

«ሕዝብ ፊት።»

«ታዲያ ጓዳ ገብተሽ ልትሸሽጊልኝ ነው? ቅቤሽ ተበላሽቶ ቢገኝ ለገዛው ሁሉ ነው የምትናገሪው ወይስ ለአንዱ?»

«ኧረ አባ፣ ለማንም አልናገር!»

ከልባቸው ሳቁ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም።

የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ «ስለ እኔ የተጻፈ ነው፤ ስሙት» ብለው አነበቡት። «ሆዳም» ያልኸውን እንኳ አልዘለሉም። ሲጨርሱ፣ «መሐላዬ ሰው አስበልቷል። ማንም እንዳይገባ» አሉ። የያዙት ወረቀት ያንተ አልነበረም፤ በራሳቸው እጅ ገልብጠውታል፤ ቀርቤ አይቻለሁ።

ከቅጥሩ ሳይወጡ ጣሊያኖቹ ያዟቸው። በግርግሩ መካከል የነገሬ ሚስት ዱሬቲ ሹልክ ብላ ወጣች፤ ባሏን ከመንገድ መለሰችው።

የቤተ ክርስቲያን አባትን በአደባባይ መንቀፍ ልክ ነው ወይስ ድፍረት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ በጓዳ ይበቃል ባይ ነበርሁ፤ ግን ሕዝብ ፊት የተማለ መሐላ በስውር መልእክት አይሻርም፤ በጓዳ ቢቀር ነገሬ ይኼኔ የለም። ያም ሆኖ «ሆዳም» ባትላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጋቢ ይዤላቸው እስር ቤት ሄድሁ። ዘበኛው ስማቸውን ጠይቆኝ ገባና ቶሎ ተመለሰ። «ውሰጂው፤ አያስፈልጋቸውም» አለኝ። እንደ ገደሏቸው ገባኝ፤ ጋቢውን አጥፌ ተመለስሁ።

ጋቢውን በሽኩር እጅ ልኬልሃለሁ። እሳቸው ረጅም ነበሩና ይበዛብህ ይሆናል፤ ቢሆንም ልበሰው።

አምላክ ከጥይትም ከብርድም ይሰውርህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እህትህ ዋጋነሽ