ካሴቱ ለምን ታፈነ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህቴስ፣ አጎቴስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። እንደ ሁልጊዜው በካሴት ያልላክሁበትን ምክንያት ከታች ትሰሚዋለሽ።

አሁንም እዚያው ሙዚቃ ቤት ነኝ። ሰው የወደደውን ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ወደ ባዶ ካሴት እቀዳለታለሁ። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ጣጣው ብዙ ነው። ክሩ የሚያልፍበት ብረት በአልኮል ካልተጠረገ ወይም ብሎኑ ትንሽ ከላላ ድምፁ ይታፈናል። ዝቅ አድርጌ ከቀዳሁ የክሩ ሽሽ የሚል ድምፅ ዘፈኑን ይውጠዋል፤ ከፍ ካደረግሁ ደግሞ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ለይቼ ስለምሰማ ሠፈሩ "ጆሮው" ብሎ ስም አውጥቶልኛል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን የምቀዳው ሁሉ ይታፈንብኝ ጀመር። ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ብረቱን ጠረግሁ፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ነካካሁ፤ አለቃዬን ባለሱቁን ለምኜ የተሻለ ባዶ ካሴት አስመጣሁ። አልሆነም። በመጨረሻ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ እስከ ጥጉ አዞርሁትና እፎይ አልሁ።

ደንበኛው ግን እፎይ አላለም። ባለታክሲው ጆሮ ይበሳል ብሎ ካሴቱን መለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ዘፋኟ ፉጨት ሆናለች ብሎ መለሰ። እኔም የተበላሸው የእናንተ ቴፕ ነው ብዬ ድርቅ አልሁ። ባለሱቁ አንዱን ከፍቶ ፊቱን አጨማደደና፣ "አንተ፣ ይሄ አይሰማህም?" አለኝ። እኔ የሰማሁት ጥሩ ዘፈን ነው።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ማዳመጫ ደፍቶልኝ፣ ድምፅ ሲሰማህ እጅህን አንሳ አለኝ። እጄ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፣ አይመለስም፣ ወፍራሙም ቀስ እያለ ይከተለዋል አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ፣ አላለቀስሁም። ደንዝዣለሁ። ከዚያ ወጥቼ ዳቦ ገዛሁና መንገድ ዳር ቆሜ በላሁ፤ ጣዕሙን ግን አላውቀውም። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ካሴቶቹን ሽፋን የማልበስ ሥራ ሰጥቶኛል። በወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የሠፈሩ ሰዎች አሁንም ጆሮው ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

ይህን ለምታነብልሽ እህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እያነበበች እንዳታለቅስ፣ ፊደሉ ይጠፋባታል። አጎቴን አዲሱ ጥርስ ከተስማማው ሰላም በይልኝ፤ ካልተስማማውም ሰላም በይልኝ። የእህቴን ልጅ ጉንጯን ሳሚልኝ።

አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከክረምቱ ወዲህ በላክሻቸው ካሴቶች ላይ ድምፅሽ እየራቀ፣ እየሰለለ ሲመጣብኝ፣ እናቴ ታማለች፣ ደብቀውኝ ነው እያልሁ ስብሰለሰል ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። ሐኪሙ ሲነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። በካሴት ያልላክሁትም መልስሽ በካሴት እንዳይመጣብኝ ነው፤ እውነቱን አስጽፊልኝ፤ ድምፅሽ እንደ ድሮው ነው ወይ? አንቺ ካልደከምሽ፣ ጆሮዬ ይሂድ።

ልጅሽ
ከሙዚቃ ቤቱ የጓሮ ክፍል
ኅዳር 14 ቀን 1985 ዓ.ም.