ግልገሎቹ የጠጡበት ማድጋ

ጥር 14 ቀን 1977
ወረታ። ቀኑን ሙሉ የከብት እበት በማይክሮስኮፕ ማየት። ዶክተር ገብረማርያም ስብሰባ ሄዷል። ሲመለስ "ምን ሠራህ?" ይለኛል። እበት አየሁ እለዋለሁ። ሌላ ምን አለ በዚህ ክሊኒክ?

ከሰዓት በኋላ ከቁሐር ሚካኤል አንዲት በግ መጣች። አዙሪት። ወደ አንድ ጎን ብቻ ትዞር ትዞርና ግድግዳ ሲገጥማት ግንባሯን ደግፋ ትቆማለች። ባለቤቷ አያ አዛናው ናቸው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር። መድኃኒት የለውም አልኋቸው። "መድኃኒቱንማ እኛ እናውቀዋለን" ብለው ትተዋት ሄዱ። ምን ማለታቸው ነው?

ጥር 17
ገባኝ። ሸጌን ማለታቸው ነው። ከቁሐር ዳር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ። በጎቹን የምታዞረው እሷ ናት፣ ዓይኗ ነው፣ ቡዳ ናት... የሠፈራ ኮታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጻፈው የሷ ስም ነው አሉ። ወደ መተከል።

ቤት ያከራየችኝ እትዬ ደብሬ ሳቀችብኝ። "ይኸን ያህል ተምረህ ይኸን አታውቅም?" ልጇ እናኑ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ከእጄ ትጎርሳለች። ገና መናገሯ ነው። እትዬ ደብሬ፣ ውኃ የምትቀጂበትን እንስራ ከማን ገዛሽ? አልሁ በሆዴ። አገሩ ሁሉ ከሸጌ ነው የሚገዛ።

ጥር 18
በጊቱን አርደን ራሷን ከፈትሁት። አንጎሏ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ውኃ የቋጠረ ከረጢት። ውስጡ ሰሊጥ የመሳሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች። እያንዳንዷ ፍሬ የትል ራስ ናት። ውሻ ሲበላት ሆዱ ውስጥ ኮሶ ትሆናለች። የኮሶዋ እንቁላል በውሻው እዳሪ ሣር ላይ ይቀራል፣ በግ ከሣሩ ጋር ትግጠዋለች፣ ትሉ ወደ አንጎል ይወጣል። የሸጌ ዓይን የቱ ጋ ይገባል?

አያ አዛናውን ገበያ አገኘኋቸው። የታመመች በግ ስታርዱ ራሷን ለውሻ አትጣሉ፣ ኮሶ ይሆንበታል፣ ቅበሩት፣ አልኋቸው።
"የውሻን ድርሻ ልቀብርበት?"
"አዎን።"
"ውሻ ኮሶ ቢኖርበት በጌን ምን አገባት?" ብለው ለሰው ሁሉ አሳቁብኝ።

ጥር 28
ቁሐር፣ የማኅበሩ ስብሰባ። ሸጌ ከሁሉም ርቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ተነሥቼ ጥፋቱ የትሉ እንጂ የሷ አይደለም ብዬ ተናገርሁ። አያ አዛናው ቆረጡት፦ "ዓይኗ በማይደርስበት፣ እናንተ ግቢ ውስጥ፣ በግ አዙረህ አሳየን። ካሳየኸን ስሟን አንጽፍም። አለዚያ ትሄዳለች።"
እሺ አልሁ። እሺ! ማን አፌን ከፈተው?

የካቲት 2
ዶክተር ፈቀደ። ጥናት ይወዳል፣ ሪፖርት ላይ ያምራል። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ያዝን። ቀድሞ የነበረበት ኮሶ እንዲወጣ መድኃኒት ሰጥቼው ሰነበትሁ። ዛሬ ሌላ የዞረች በግ ስትመጣ ከረጢቱን ትኩሱን ሰጠሁት። ጭራውን እየቆላ ዋጠው። ስም አላወጣሁለትም። ብልህ ነኝ።

ሚያዝያ 5
ውሻውን ገደልነው። አንጀቱ ኮሶ በኮሶ። መጽሐፉ ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ። ጠዋት እጄን ልሶኝ ነበር... ስም አለማውጣት ምንም አይጠቅምም ለካ።

ስድስት ግልገሎች ከደብረ ታቦር ገበያ መጥተዋል። ለአራቱ የኮሶውን እንቁላል በውኃ በጥብጬ ጋትኋቸው። ሁለቱን አልነካኋቸውም። አንድ በረት፣ አንድ ሣር፣ አንድ ውኃ። ልዩነታቸው ትሉ ብቻ። አራቱ ዞረው ሁለቱ ካልዞሩ ነው ነገሩ የሚታመነው። ሁለቱ ባይኖሩ የኔ ልፋት ሁሉ ወሬ ነው።

ሚያዝያ 9
ሸጌ መጣች፣ አፈ ሰፊ ማድጋ ተሸክማ። ግልገሎቹ የሚጠጡበት ዕቃ እንደሌለን ሰምታ ኖሯል። ዋጋውን ብጠይቅ ተቆጣች።
"ከአገሬ እንዳልነቀል እየለፋህ ማድጋ ልሸጥልህ?"
የማድጋው ከንፈር ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ተጫን ተጫን ተደርጓል። የሷ ሥራ በዚህ ይታወቃል።
"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ሸጌ" አልኋት። ዞር ብላ ኋላዋን አየች። ሌላ ሰው የጠራሁ መስሏት።

ሐምሌ 23
ዝናብ። ከፎገራ ሜዳ የቀረው ውኃ ብቻ ነው። ግልገሎቹ ይፈነጫሉ። ደኅንነታቸው አናደደኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምን እንደለመንሁ እኔና ሚካኤል ብቻ እናውቃለን።

ነሐሴ 19
አንዷ ዞረች! ወደ ግራ። በደስታ ጮህሁ። ከዚያ አፈርሁ። ራሷን በሁለት እጄ ያዝሁላት፣ ቆመች። ስለቃት ዞረች። ስይዛት ቆመች...

መስከረም 3 ቀን 1978
ትናንት የአብዮት በዓል ነበር። የአውራጃ እንግዶች ክሊኒካችንን ሊጎበኙ መጡ። ጠዋት፣ ገና ሳይደርሱ፣ በረት ብገባ ሁለቱ የሉም። ያልነካኋቸው ሁለቱ። ቆዳቸው አጥር ላይ ተሰጥቷል።

ዶክተር ዘንድ ሮጥሁ። "ታዲያ የታመሙትን ላበላ ኖሯል?" አለኝ። ከልቡ ነው። ለእንግዳ ደኅናውን መምረጡ ነው!
አያ አዛናውም ተጋብዘዋል። ጎድን ሲግጡ ቆሜ አየኋቸው።

መስከረም 15
አራቱም ይዞራሉ። አያ አዛናው ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። አጥሩን ተደግፈው አራቱንም አንድ በአንድ አዩ። ልቤ ሞላ። አመኑ፣ አልሁ።

ከዚያ ወደ ማድጋው ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከንፈሩን በጣታቸው ዳሰሱት።
"ይኸ የሸጌ እጅ አይዶለም?"
"ነው።"
"እኮ! ከእጇ እየጠጡ እንዴት አይዞሩ?"
"ከዚሁ የጠጡ ሌሎች ሁለት ነበሩ! አልዞሩም!"
"የታሉ?"
"በልተዋቸዋል! እርስዎም በልተዋል፣ ጎድናቸውን!"
ጮኬ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ አዛናው አዘኑልኝ። "ልጁንም ለክፋዋለች፣ ጠበል ውሰዱት" አሉ። ሲወጡ አንዱ ማድጋውን በዱላው ሰበረው።

እኔ ነኝ ማድጋውን የተቀበልሁ። በቆርቆሮ ባጠጣቸው ምን ነበረበት? ግን አስተማሪዬም ቢሆን፣ መጽሐፉም ቢሆን፣ ማድጋውን ማን ሠራው ብለህ ጠይቅ አላለኝም።

ኅዳር 20
የሠፈራ መኪና ወረታ መገንጠያው ላይ ቆመ። ሸጌ ከላይ ናት። ጭቃ የምትዳምጥበትን ድንጋይ እንኳ አላስያዟትም። ይቅርታ ልላት ነበር የሄድሁ። አላስጀመረችኝም።
"እኔ ሳልነካቸው አዞረች አሉኝ። አንተ በእጅህ አዙረህ አሳየሃቸው። ተጠንቀቅ፣ ወንድምዓለም።"
ወሬ መሰለኝ። መኪናው ሄደ። እትዬ ደብሬ ዘንድ ስመለስ አዲስ እንስራ ከየት ይመጣ ይሆን እያለች ታማርራለች።

የካቲት 6
የአያ አዛናው በጎች ደግሞ ይዞራሉ! ዛሬ ሰማሁ። አላፍርም፣ ደስ አለኝ። ሸጌ መተከል፣ በግ ቁሐር ላይ ትዞራለች። አሁንስ ማን ነው? ልላቸው እየሮጥሁ ሄድሁ። መንገድ ላይ ሁለት ውሾች በአንድ የበግ ራስ ይጣላሉ።

ሴቶቹ ሲያዩኝ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ። አያ አዛናው ከሩቅ ቆሙ። ወደ ደጃቸው እንድቀርብ አልፈቀዱም።
"በጎቹን ማን አዞራቸው?" አልሁ።
"ሌላ ማን ያውቅበታል?" አሉኝ። "በዓይናችን አይተናል።"

ደክሞኝ ቤት ገባሁ። እናኑ መደቡ ላይ ቂጣ ትበላለች። ስታየኝ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። እትዬ ደብሬ ተነሥታ ነጠላዋን ልጂቱ ፊት ላይ ጣል አደረገች፣ ከነቂጣው።
"ፀሐይ እንዳይመታት ነው" አለችኝ። ቤት ውስጥ።