ከቀኙ ዘንግ የወጣው ሞላ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታ ሳያስቀድም ወደ ነገሩ የሚገባ ሰው እንዳልባል፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ወገብህን አሁንም ያምሃል ወይ? ትራስ ደርበህ መተኛቱን ተው ብዬህ ነበር፤ መቼም አትሰማም። እኔ ምንም አልሆንኩም። ይህን አስረግጬ የምጽፈው ባለቤትህ ባለፈው ሳምንት ደጄ ድረስ መጥታ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ስትመረምረኝ ስለነበረ ነው። ምንም አልሆነም በላት። ሸሚዝ ትቼ ሹራብ መልበሴንም አይታ ጠየቀችኝ። የዘንድሮ ሸሚዝ ቁልፉ የምስር ፍሬ እያከለ ስለሄደ ነው የተውኩት፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጽሑፌ ዘመም ካለብህም የወረቀቱ ጥፋት ነው። የዛሬ ወረቀት ይንሸራተታል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ጫን አድርጌበት ነው የምጽፈው።

የሁለታችንን ቤት የሚለየው አንድ አስፋልት ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅህ ይችላል። ሳቅ። በአካል ከመጣሁ ሁለታችንም እንጮሃለን፤ ጎረቤቱን ደግሞ በነጻ ማዝናናት አልፈልግም።

እግርህ ከዚህ ቤት ከቀረ ሰባት ሳምንት ሆነ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያንተ ወንበር እንዳለ ነው፤ እኔም አልቀመጥበትም፣ ለሌላም አልሰጥም። አሁን ቁጣዬን ልንገርህ። ስልሳ ዓመት ሙሉ “ወንድም ጋሼ” ስትለኝ ኖረህ፣ ያን ዕለት ሠላሳ ሰው በሞላበት አዳራሽ “አንተ ሰውዬ” አልከኝ። ያቺ በሪሞት የምትነዳት መኪናህ ስለተሰበረች ነው፣ ከንዴት ነው ብዬ ይህን ልለፈው። ከዚያ ቀጥለህ ያልከውን ግን አላልፈውም። “ደንቡ” ወደምንለው ሊቀ መንበራችን ዞረህ፣ ወደዚያ ደንብ ሳይጠቅስ ውሃ የማይጠጣ ጡረተኛ አስተማሪ፣ “እጁ አልቋል፤ የሚነግረው ሰው ስለጠፋ ነው እንጂ” አልከው። እኔ እዚያው ቆሜ! እንደ ተበላሸ ባትሪ ስለ እኔ በሌላ ሰው ፊት ታወራለህ? ዓይኔን አይተህ ብትለኝ እንኳ ጥፊዬን ቀምሰህ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ደንቡም ይህን ሰምቶ በማግስቱ አንድ ወረቀት ለጠፈ። “በባለቤቱ በተከፈተና በተለወጠ ሪሞት የሚነዳ መኪና ከእንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ያለው የጨዋታ ድልድይ ላይ አይወጣም” ይላል። ለመሆኑ ያን ማኅበር ማን ጀመረው? ስድስት ጡረታ የወጣን ሾፌሮችና ሁለት መካኒኮች አይደለንም ወይ? ክንድ የምታክል የጭነት መኪና በሪሞት መንዳት የልጅ ጨዋታ ነው ብለው የሳቁብንን ሁሉ፣ “በሉ እናንተ፣ ሦስት ማርሽ አላት፤ ከነተሳቢዋ ዳገቱን አውጧት” እያልን አፋቸውን ያስያዝነው እኛ ነን። ያኔ ደንቡ የሪሞት ዘንግ ከጃንጥላ ዘንግ አይለይም ነበር። ዛሬ እኔን ያግዳል።

ነገሩ የተበላሸው ከሪሞቱ ምርጫ ጀምሮ ነው። ሱቁ ውስጥ የሆነውን አልረሳህም መቼም። ሻጩ ያን ሽጉጥ የሚመስለውን አቀበለኝ፤ በጣት እየሳቡ በጎኑ ያለችውን መንኮራኩር የሚያዞሩበትን። “አባት፣ ለእሽቅድምድም ከዚህ የሚበልጥ የለም” አለኝ። እኔ የምነዳው አሥራ ስምንት ጎማ ነው እንጂ ሌባ አላባርርም አልኩት። አንተ ሳቅክ። ያኔ ትስቅ ነበር።

ቀጥሎ ያ ባለ ሁለት ዘንጉ መጣ። አናቱ ላይ ሦስት ቦታ የምትቆም ማብሪያ ነበረችው። “ወንድም ጋሼ፣ ማርሹን እዚህች ላይ እናድርገው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ አለቀ” አልከኝ። ማርሽ እንደ አምፖል ቀጭ ተደርጎ አይበራም! ማርሽ ሲገባ እጅ ማወቅ አለበት። ዓይኔ መኪናዋ ላይ ሆኖ አንደኛ ላይ ይሁን ሁለተኛ ላይ መዳፌ ካልነገረኝ ሾፌር ነኝ ማለቴ ምኑ ላይ ነው? ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በገዛ እጄ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ ሪሞቱን ገዝተህ ስጦታ ብለህ ያመጣህልኝ ዕለት ስምንቱን ብሎን ፈታሁ። “ኧረ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም!” ብለህ ጭንቅላትህን ያዝክ።

ሥራው ግን ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ያ ሪሞት የተሠራው ለአውሮፕላን ነው። ቀኙ ዘንግ ሲለቁት በሞላው፣ በዚያች ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ተስቦ ወደ መሃል ይመለሳል፤ ግራው ሞላ ስለሌለው በተውት ቦታ ይቀራል። ለጭነት መኪና ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሹን ቀኙ ዘንግ ላይ ካደረግኸው፣ አንደኛ አስገብተህ ጣትህን ስታነሣ ዘንጉ ብድግ ብሎ ሁለተኛ ላይ ይቀመጣል። ዳገት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ስለዚህ የቀኙን ሞላ አወጣሁ። ከሳርዲን ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ሦስት ጥርስ ሞርጄ ከዘንጉ ሥር ገጠምኩለት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጣት ላይ ጠቅ ይላል። አንተም ሞክረኸው “ይሄስ የእውነት ማርሽ ነው” ብለሃል። ካድክ?

ያወጣሁትን ሞላ ወደ ግራው፣ ፍጥነቱን ወደሚሰጠው የነዳጅ ዘንግ አስገባው ብለኸኝ ነበር፤ ጣት ሲነሣ ነዳጁ እንዲቋረጥ፣ መኪናዋም እንድትቆም። አላስገባሁም። ሞላውን ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከባድ መኪና ዳገት የሚወጣው ነዳጁን ይዞ ነው አልኩህ። ሞላ ካለው አውራ ጣት ዳገቱን ሙሉ ተጭኖ መያዝ አለበት፤ ለምን ብዬ? እንዲህ ነው ያልኩህ። አንተ ያን ዕለት እጄን እጄን ብቻ ታይ ነበር። ያን አስተያየትህን ያኔም አልወደድኩትም።

ወደ ዕለቱ ልምጣ። መኪናዬ ብረት ጭና ድልድዩን ጀምራለች፤ ያንተዋ ጫፉ ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ሁለተኛ ላይ ነበርኩ። ወደ አንደኛ ላወርድ ስል ሪሞቱ ከእጄ ተንሸራተተ። ልብ በል፣ አልጣልኩትም፤ ተንሸራተተ። ላብ ነበር፤ አዳራሹም መስኮቱ አይከፈትም። ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ባትሪው ተፈናጥሮ ወጣ። ያኔ መኪናዋ ባለችበት መቆም ነበረባት። የሪሞቱ ሞገድ ሲቋረጥ ትእዛዙን የምትሰማው መቀበያዋ ሞተሩን ታቆማለች፤ መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ገሰገሰች፤ ያንተዋን ከጎኗ ገፍታ ከድልድዩ ላይ ወረወረቻት። ስምንት ወር የሠራሃት ጋቢና እንደ ወረቀት ስትታጠፍ ሰማሁ። አዎ፣ ሰማሁ። ድምፁ እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ በሰው ፊት ማን ቀድሞ ምን እንዳለ በቅጡ ልጻፈው፤ እውነት ለማንም አታዳላምና። አንተ “አንተ ሰውዬ” ከማለትህ በፊት እኔ አፌን ከፍቻለሁ። “መቀበያዋን የበየዳት እሱ ነው፤ ብየዳው ነው የከዳኝ” ብዬ ጣቴን ወዳንተ ቀስሬአለሁ። አርባ ዓመት መበየጃ ይዞ ያረጀ ሰው፣ መኪናው ወድቃ ሳያነሣት፣ በገዛ ወንድሙ ተከሰሰ። ይህን ደንቡም ሰምቷል፣ ሠላሳውም ሰው ሰምቷል።

አንተ ከሄድክ በኋላ ልረታህ ተነሣሁ። መኪናዋን ሁለት ጡብ ላይ ጎማዋን አንጠልጥዬ አስቀመጥኳት። ሪሞቱን ከፍቼ ባትሪውን ነቀልኩ። ጎማዎቹ አልቆሙም፤ እያጓሩ ይዞራሉ! “ይኸው ብየዳው” አልኩ። ያንተን ብየዳ አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ፈትቼ እኔው ራሴ በየድኩት። አሁንም ይዞራሉ። መቀበያዋን በሌላ ለወጥኳት፤ ከሪሞቱ ጋር እንደ በፊቱ አጣምሬ ባትሪውን ነቀልኩ። ይዞራሉ። ከዚያ በኋላ ነው መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ የተቀመጥኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። እነዚህ መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ዋናውን ነገር መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ነው የሚደብቁት።

እንዲህ ይላል። መቀበያው ከሪሞቱ ጋር በሚጣመርባት ቅጽበት የነዳጁ ዘንግ የት እንዳለ መዝግቦ ይይዛል። ሞገድ በተቋረጠ ጊዜም ሞተሩን ወደዚያው ይመልሳል። ሞላ ያለው ዘንግ ማንም ሳይነካው መሃል ላይ፣ ማለትም መቆሚያው ላይ ይገኛል። ሞላ የሌለው ግን በተውት ቦታ ነው። ያን ጊዜ እኔ ሳጣምር ዘንጉ ከመሃል ትንሽ ወደ ላይ ነበር። ሁለተኛውንም ሳጣምር እንዲሁ ነበር። መኪናዋ አልከዳችኝም። “ሪሞቱ ሲጠፋብሽ ሂጂ” ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷም ሄደች።

ብየዳህ ንጹሕ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ወረቀቱን አትጣለው። በሚቀጥለው ስብሰባም ቆሜ ሠላሳውም ሰው እየሰማ እናገረዋለሁ፤ ለደንቡ አጀንዳ ያዝልኝ ብዬ ልኬበታለሁ። እሱም አጀንዳ ሲባል ደስ ይለዋል። ስለ ሪሞት መክፈት ያወጣውን ግን እዚያው ቆሜ አስነሣዋለሁ፤ ጥፋቱ መክፈት አይደለም፣ ሥራውን ሳይጨርሱ መዝጋት ነው። አንተም በበኩልህ በሰው ፊት ያልከውን ታነሣለህ ብዬ አልጠብቅም። አንዳንድ ነገር አንዴ ከተባለ በቃ ተብሏል። ደግሞ ለሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ ብለህ በባለቤትህ በኩል የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። መሳቢያ ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም።

ክብሪት ቤቱን ከፍቼ ሞላውን ግራው ዘንግ ላይ አስገብቼዋለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ትክክሉ እሱ ስለሆነ ነው። ጠንከር ይላል። ጡብ ላይ ሆና ስሞክራት እንኳ አውራ ጣቴ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው የሚችለው፤ ከዚያ ሞላው ያሸንፋል፣ እሷም ቀጥ ብላ ትቆማለች። እንደተባለው ነው የሠራችው።

አዳራሹ ውስጥ ጥለሃት የሄድካትን መኪናህን አምጥቼ የጋቢናዋን ቆርቆሮ አቃንቼዋለሁ። ግንባሩ ላይ ትንሽ ስርጉድ ቀርቷል፤ የግራ መስታወቷንም አልገጠምኩም፤ ብሎኗ እያመለጠች ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ ሥር አስገብታኛለች።

አሁን የቀረው መቀበያዋን ከሪሞቱ ጋር እንደገና ማጣመር ብቻ ነው። አሠራሩን ታውቀዋለህ። የስንዴ ፍሬ የምታክለዋን ቁልፍ በመርፌ ጫፍ ተጭኖ፣ ሳይለቁ የመኪናዋን ማብሪያ መክፈት፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም አለመልቀቅ። ሁለት እጅ ይፈልጋል። ያን ጊዜ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሁን ሦስት ቀን ሞከርኩ። መርፌውን በቀኝ ብይዝ ማብሪያው አልከፈት ይላል፤ በግራ ብይዝ መርፌው ይንሸራተታል። መርፌም ዘንድሮ እንደ ወረቀቱ ሆኗል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትም አልሄድም። ና። አንተ መርፌውን ትይዛለህ፣ እኔ ማብሪያውን እከፍታለሁ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት አያስፈልግም፤ ስለ እጅ አንዲት ቃል ካነሣህ በመጣህበት እግርህ ትመለሳለህ። ከዚያ ዳገቱን እንሞክራት ካልክ ደግሞ የግራውን ዘንግ አንተ ተጭነህ ያዝ፤ ማርሹንና መሪውን እኔ እይዛለሁ። አስቤበት የተሻለ አሠራር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ድሮም ትልቁን መኪና ይዘን ዳገት ስንወጣ ሁለት ነበርን።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፣ ለባለቤትህ ትዕግሥቷን ይጨምርላት፣ ልጆችህ እንዳንተ ግትር አይሁኑ፣ ቤትህ ሳቅ አይጣ። ሐሙስ ደጅ ሆነህ ስትጣራ ግን በደንብ ጥራኝ። ስሜን ታውቀዋለህ።

ወንድም ጋሼ